ሶሬቲ ነፃ የወጣች ጊዜ

የልጅ ልጄ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራሥር፣ ቀቅላ ይዛልኝ መጣች። ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በትኩሱ እንደሚላጥ ታውቃለች፤ የሳህኑን ክዳን ስታነሳው ያ ዝናብ የጠገበ አፈርና ለጋ ቅቤ አንድ ላይ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እኔም ጣቴን እየለበለበኝ መላጥ ጀመርኩ። እሷ በር ላይ ቆማ በስልክ እየሳቀች «ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ እሁድ ግን ነፃ አይደለሁም» ትላለች ለጓደኛዋ። የጤና ጣቢያዋ ልጅም በቀደም «አኮ፣ ይሄ መድኃኒት ነፃ ነው» ብላ እጄ ላይ አስቀምጣልኛለች። አኮ ማለት በእኛ አገር አያት ማለት ነው፤ እዚህ ከተማ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም እንዲህ ይለኛል። ቃሉ አሁን ከሰው አፍ ሲወጣ ምንም አይከብድም። እኔ ግን ልጣጩን በጣቴ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ይህን ቃል መጀመሪያ ያወቅኩት አንጮቴ ስትቆፍር እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ከሚሆን ከአንዲት ሴት ጋር ነውና። ሶሬቲ ትባል ነበር።

ዕድሜዬ ዘጠናን እየተጠጋ ነው፣ የተማርኩትም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ትልልቅ ቃላት ለማብራራት አልተነሳሁም። ይህ ቃል እኛ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራበት እንደነበር ግን አውቃለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ፣ የልጅ ልጆቻቸው በዚሁ አገር አሉና፤ የሆነውን ግን አልቀየርኩም።

ያደግኩት ከነቀምቴ ገበያ በላይ ባለው ዳገት፣ በአባቴ እናት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው በቀርከሃ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበር፣ ትልቁ ቤት መሃል ላይ፣ ከጀርባው የጎመንና የአንጮቴው ጓሮ፣ ከጓሮው ግርጌ ደግሞ ጣሪያዋ እየጎበጠ መሬት ሊነካ የደረሰ አንዲት ጎጆ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ወራቱን ሙሉ ስለማያባራ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ቁርበቱም ልብሱም፣ የጭስና የእርጥበት ሽታ ነበረው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ አረፈች። አባቴ ለመንግሥት ሥራ አንድ ጊዜ ወደ ቢላ ከተማ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ እየተላከ ቤት አይቀመጥም ነበር። እኔን ያዘለችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ራሴን ስታበጥር በጉልበቶቿ መሃል ቀርቅራ የያዘችኝ የጎጆዋ ባለቤት ሶሬቲ ነበረች። ባለቤት አልኩ እንጂ ጎጆዋ የእሷ አልነበረችም፣ እሷም የራሷ አልነበረችም። አያቴ ስታገባ ከአባቷ ቤት ይዛት የመጣቻት ባሪያ ነበረች።

ሶሬቲ ጂቱ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻት። የጂቱ አባት በወባ ሞቷል። አክስቴ አዳደ ብርቄ፣ የአባቴ እህት፣ አርጆ ለሚኖር ባለጸጋ በተዳረች ጊዜ አያቴ ለሙሽራዋ በቅሎ፣ የቤት ዕቃና አንዲት ትንሽ ልጅ ሰጠች። ልጅቷ ጂቱ ነበረች፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አድጋ ደንገጡር እንድትሆን ነው የተሰጠችው። እኔ ያኔ ገና ዳዴ የምል ነበርኩና ጂቱ ከወረደችበት ጀርባ ላይ እኔ ወጣሁ። ይህን ሰው አልነገረኝም፤ ትንሽ ከፍ ስል ዓመቱን ከዓመቱ አጋጥሜ ራሴ ደረስኩበት።

ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከእንግዲህ ባሪያ የሚባል የለም የሚለው አዋጅ ተነገረ። ነጋሪው መጀመሪያ በአማርኛ አነበበ፣ ቀጥሎ አስተርጓሚ ቆሞ በኦሮምኛ ደገመው። ሶሬቲ ጨው ልትገዛ ሄዳ ነበር። ጨውን ረስታ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «ጊፍቲ፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ ነፃ ወጣሁ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ» አለቻት። ጊፍቲ እመቤቴ ማለት ነው። አያቴ ከዱካዋ ሳትነሳ «ደግ፤ ታዲያ ጨዉስ?» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ እኛ ቤት ገብቶ እንደ ወንፊትና እንደ ሙቀጫ የዕለት መገልገያ ሆነ። አያቴ ውሃ ስትፈልግ «ነፃ ነሽ እኮ፣ ካልፈለግሽ እኔው እወርዳለሁ» ትልና እንስራውን በእግሯ ወደ ሶሬቲ ገፋ ታደርገዋለች። ጎረቤት ስትቆጣ «እኛም ነፃ በወጣን» ትላለች። ምንጭ የሚወርዱ ልጃገረዶች ሶሬቲን ሲያዩ «መንገድ ልቀቁ፣ አዋጅ መጣች» እያሉ ይሳሳቁባታል፤ እሷም እንስራዋን አስቀምጣ «አዋጅ እንኳ ስለ እኔ ተነገረ፤ ስለ እናንተ ማን ምን አለ?» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ከገበያ ሳትመለስ ዋለች። ወደ ማታ ስትመጣ አያቴ እስከ የት ሄደሽ ነው ብትላት «እስከሚሰለቸኝ» አለቻት። ሌላ ቀን ደግሞ አያቴ ስትጠራት ዝም አለች፣ በሁለተኛው ጥሪ አቤት አለች። በማግስቱም እንዲሁ።

«ደንቁረሻል?» አለቻት አያቴ።

«አይ ጊፍቲ። የመጀመሪያውን ጥሪ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።»

እኔ ይህ በጣም ደስ ስላለኝ በሚቀጥለው ቀን አያቴ ስትጠራኝ የመጀመሪያውን ጥሪ ለራሴ አስቀረሁ። ጭኔ ላይ የቆነጠጠችኝ ቦታ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር።

ግን ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፣ ሶሬቲም ጨዋታ መሆኑን ታውቅ ነበር። ከአዋጁ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጂቱን። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ አንጮቴ እየቆፈርን፣ እሷ እየቆፈረች እኔ አፈሩን እያራገፍኩ፣ «እኔ ነፃ ከሆንኩ እሷም ነፃ ናት፤ ከሆነች ደግሞ ቤቷ እኔ ያለሁበት ነው» አለችኝ። ለአያቴ ስትነግራት አያቴ «ማን ያዘሽ? ሂጂ አምጫት» አለች። ማንም አልያዛትም። ዘመድ የሌላት ሴት ብቻዋን አርጆ ድረስ ስትሄድ መንገድ ላይ ማን ያሳድራታል፣ ማናት ተብላ ስትጠየቅ የማን ነኝ ትላለች፣ ልጇንስ ከሰው ቤት በማን ሽምግልና ትጠይቃለች? ስለዚህ ሶሬቲ፣ አያቴ አዳደ ብርቄን ለመጠየቅ እስከምትሄድ ጠበቀች። በጋው እስኪገባ፣ ወንዙም እስኪጎድል።

በዚያ መሃል ከአርጆ ሽማግሌዎች መጡ፣ የአዳደ ብርቄ ባል የኦቦ ዋቅጅራ ሰዎች። ሶሬቲ እጃቸውን አስታጠበች፣ ምሳ አቀረበች። ከአያቴ ጋር በእልፍኝ ተቀምጠው ብዙ አወሩ፣ ሲወጡም አያቴን እየመረቁ ሄዱ። ሶሬቲ «የከብት ነገር ይሆናል» አለችኝ።

በጋው ገባና ተነሳን። አያቴ በበቅሎ፣ እኔ አንድ ጊዜ ከአያቴ ኋላ አንድ ጊዜ በእግሬ፣ ሶሬቲ አንድ ቅርጫት ሙሉ አንጮቴ አዝላ። አያቴ መንገዱን ሙሉ ሳቀችባት። «አርጆ አንጮቴ የማይበቅል መስሏት! ሰው ወደ ወንዝ ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል?» ሶሬቲ ቅርጫቱን ከፍ አድርጋ እያስተካከለች «የአርጆው እኔ የቆፈርኩት አይደለም» አለች። በዚያ መንገድ ላይ ሶሬቲ ስትዘፍን ሰማኋት፣ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ። ድምፅዋ አያምርም ነበር፣ አያቴም ነገረቻት፣ እሷ ግን ቀጠለች። የምትዘፍነውም ልጇ ጎጆዋ ውስጥ የት እንደምትተኛ፣ ቁርበቱን በየት በኩል እንደምታነጥፍላት ነበር። አያቴ ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ የደከማት መሰለኝ።

አርጆ ስንደርስ አዳደ ብርቄ በደጅ ተቀበለችን። አዳደ ብርቄ ልጅ አልወለደችም ነበር። ከጎኗ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ጸጉሯ በቅቤ የራሰ፣ አንገቷ ላይ ጨሌ ያሰረች ልጅ ቆማለች። ሶሬቲ ቅርጫቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ጂቱ» አለች። ልጅቷ ማን እንደተጠራ ለማየት ዞራ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። አዳደ ብርቄ ትከሻዋን አቀፈቻትና «አስቴር፣ አያትሽን ሳሚ» አለቻት። ልጅቷም መጥታ አያቴን ሳመች።

ጉዲፈቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነቀምቴ የመጡት ለከብት አልነበረም፣ ልጅቷን ለኦቦ ዋቅጅራና ለአዳደ ብርቄ ልጅነት ለመጠየቅ ነው። ጉዲፈቻ መልካም ነገር ነው፣ ዛሬም እላለሁ፤ ስንት ወላጅ የሌለው ልጅ እናት አግኝቶበታል፣ ስንት መካን ሴትም እማዬ ተብላበታለች። ግን ሕግ አለው። ልጅ ከወላጁ ተለምኖ ነው የሚወሰደው። እነሱም ለመኑ፤ የለመኑት አያቴን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢው ውጭ ባለው ዋንዛ ስር ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሶሬቲ እምቢ ብላ፣ ካልተቀመጡልኝ ከዚህ በር አልነሳም ብላ ነው ያስቀመጠቻቸው። ልጅቷን ከሌሎች ልጆች ጋር ወንዝ ላኳት። እኔ የአያቴን ነጠላ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ልጅቷ ተመርቃለች» አለ ትልቁ ሽማግሌ። «ቅቤ ተቀብታለች፣ በሬ ታርዶላታል፣ ስም ወጥቶላታል። ምርቃትን እንደ ተዋሱት ወንፊት መልሱ ትይናለሽ?»

«ማን ሰጣችሁ?» አለች ሶሬቲ።

«እናት ካልሰጠች ጉዲፈቻ የለም። ይኼን የማላውቅ መሰለሽ?»

«እናቷ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ አያቴ ዞረ። አያቴ ነጠላዋን ከእጄ አስለቅቃ አስተካከለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «እቤቴ የተወለደች ናት። ባሪያ ስትባል ከምትኖር የሰው ልጅ ትባል ብዬ ነው። መሬት ትወርሳለች፣ በወግ ትዳራለች። ክፉ አደረግኩ?»

«ያኔ እኔ ነፃ ነበርኩ ጊፍቲ። አዋጁ ከተነገረ ከርሟል። እጃቸውን ያስታጠብኳቸው እኔ ነኝ፣ እዚያው ነበርኩ። ከምድጃው ጠርተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ጠይቄሽ እምቢ ብትይስ?»

ይህን አያቴ በክፋት አልተናገረችውም፣ እውነት ግራ ገብቷት ነው። ለዚያ ነው እስካሁን የማልረሳው። ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልክ ናት በሚል። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እምቢ እንድትል አይደል እንዴ ነፃ የወጣችው?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ «ይቺ ምላሳም የማናት?» ብሎ ጠየቀ። አያቴ በክንዴ ይዛ ከኋላዋ አስቀመጠችኝ፣ ከዚያ በኋላ የሶሬቲን ፊት ማየት አልቻልኩም፣ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ፍርዱ አጭር ነበር። ምርቃት አይመለስም። ትልቁ ሽማግሌ ድምፁን አለሳልሶ «ስሚ ኢንተላ ኮ» አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ በዕድሜ ብዙም ባይበልጣትም። «አንቺ ነፃ ነሽ። መሄድም ትችያለሽ፣ እዚሁ ቤት ገብተሽ እየሠራሽ መኖርም ትችያለሽ፣ ኦቦ ዋቅጅራ አይከለክልሽም። ብትቀሪ ግን እናትሽ ነኝ እንዳትያት። እሷን ወደ ኋላ ከጠራሻት ወደ ባርነት መጥራትሽ ነው።»

ሶሬቲ ተነስታ ቅርጫቷን አነሳችና ወደ ማድቤት ገባች። ማታ እራት ላይ አንጮቴውን ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ ለውሳ አቀረበች። አስቴር በላችና «ይሄ ከእኛው ይጣፍጣል፣ ማነው ያመጣው?» አለች። አዳደ ብርቄ «የእናቴ ሠራተኛ» አለቻት። ሶሬቲ መብራቱ ከማይደርስበት ጥግ ቆማ ልጅቷ ስትጎርስ እያየች ነበር፤ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁ፣ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር የእሷም አፍ ትንሽ ይከፈት ነበር።

በነጋታው በቅሎው ሲጫን ሶሬቲ አልወጣችም። ስፈልጋት ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስቴርን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ጸጉሯን ታበጥራለች። ቦታዬ ነበር። ነይ እንሂድ አልኳት። አስቴርን ሸማ እንድታመጣ ላከቻትና እኔን ሳብ አድርጋ ጆሮዬ ስር ተናገረች። «አንቺ እኔን የምትረሺ ልጅ አይደለሽም። እሷ ግን ረስታኛለች። ለረሳችኝ ልቅር።» ልብሷን ይዤ ጮህኩ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከልብሷ ላይ አላቀቀቻቸው። አያቴ በመመለሻው መንገድ በቅሎዋ ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ይህን ያህል ዘመን አብሬአት ኖሬ ጥላኝ ቀረች፣ ነፃነት ይሉሻል ይሄ ነው» እያለች አለቀሰች። የተበደለችው እሷ እንደሆነች እስክትሞት ድረስ ታምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሶሬቲን ያየኋት በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ አገባሁ። የመኪና መንገድ ተከፈተና አርጆ ቀረበ። አስቴር እንደተባለው በወግ ተዳረች፣ ሶሬቲንም ይዛት ወደ ትዳሯ ገባች። ሁለት ልጆች ወለደች፣ ሁለቱንም ሶሬቲ አዘለቻቸው። አስቴር ክፉ አልነበረችም። ስትጠራት ግን እንደማንኛዋም ሠራተኛ ነው የምትጠራት፣ «ሶሬቲ!» ብላ፣ ሶሬቲም ጥሪው ከአፍ ወጥቶ ሳያልቅ ትነሳለች። አንድ ቀን እንደ ልጅነታችን ላስቃት ብዬ «የመጀመሪያው ጥሪስ?» ብላት ከምትለቅመው ተልባ ላይ ቀና ሳትል «እሱንም ለእሷ ሰጠኋት» አለችኝ። አልሳቀችም። ሽበቷ ከሻሿ ስር ወጥቶ ነበር፣ ጀርባዋም እንደዚያች እንደ ጎጆዋ ጣሪያ ጎብጧል። ለአስቴር ልነግራት ብዬ ስንት ጊዜ አፌ ድረስ መጣ፤ ግን ምስጢሩ የሶሬቲ ነው፣ በሕይወት እስካለች ድረስ የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት ብዬ ያዝኩት።

መሞቷን የነገረኝ በነቀምቴና በአርጆ መሃል እየተመላለሰ ጨርቅ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ስደርስ ተቀብራለች። የቤተሰቡ መቃብር ካለበት ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ግቢው ውስጥ ሰዎች አሉ፣ አስቴር ጎንበስ ብላ እጅ ታስታጥባለች፣ የሠራተኛ ለቅሶ ነውና ጥቁር አልለበሰችም፣ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ይከተሏታል። ለእንግዶቹ ስትነግራቸው ሰማሁ። «ነፃ ነበረች እኮ፣ ማንም አልያዛትም። በፈለገች ጊዜ መሄድ ትችል ነበር።»

ወደ ጓዳ ጠራኋት። «አስቴር» አልኳት፣ «እናትሽ ናት።»

ልትደነግጥ እንኳ አልሞከረችም። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ አየች። «ዝም በይ» አለችኝ፣ «ልጆቹ ይሰማሉ።»

መቼ እንዳወቀች፣ ከማን እንደሰማች፣ ወይስ አራት ዓመት የሞላው ልጅ የእናቱን ጀርባ ፈጽሞ እንደማይረሳ አልጠየቅኋትም። እሷም በሕይወቷ ሙሉ ሌላ ቃል አልጨመረችልኝም፣ እነሆ እሷም ከሞተች ቆየች። ለዓመታት አንዷ ለልጇ ብላ፣ ሌላዋ ለልጆቿ ብላ፣ በአንድ ጣሪያ ስር ዝም ተባብለው ኖረዋል፤ ሁለቱም ደግሞ በአዋጅ ነፃ ነበሩ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ከሩቅ የመጣች አሮጊት ዱላዋን ተደግፋ ቆማ «ባለ ለቅሶዋ የት አለች? ማንን እናጽናና?» ትላለች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ለባለ ለቅሶ የተነጠፈው ጅባ መሃል ላይ ባዶውን ነው። እኔ ሄጄ ተቀመጥኩበት። አሮጊቷ መጥታ እጄን ያዘች፣ ከእሷ ኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ፣ እያንዳንዳቸው እግዜር ያጥናሽ እያሉኝ አለፉ። የሶሬቲ የሆነውን ነገር ሳስብ፣ ልጇ የእሷ አልተባለችም፣ የልጅ ልጆቿ ስሟን እንጂ ማንነቷን አያውቁም፣ የተኛችበት መሬትም የሌላ ሰው ነው።

በመጨረሻ አስቴር መጣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጅባው ጫፍ ላይ ተንበረከከች፣ እንደ ጎረቤት። ልጆቹ ከኋላዋ ቆመዋል። ጉንጯን ጉንጬ ላይ አደረገች፣ ቀዝቃዛ ነበር፣ ብዙ ቆይታም ነው ያነሳችው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ።

አንቺንም ልላት ነበር። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ ያየኛል።

«አሜን» አልኩ።